ፍሬዶካ፦ ለርዕስ የተሠራ ድቡልቡል ፎንት

ጫፋቸው ክብ ከሆኑ ወፍራም ነጻ ፎንቶች መካከል ለርዕስ፣ ለሎጎና ለልጆች መተግበሪያ ፍሬዶካን የሚያስንቅ ብዙ የለም። ለረጅም ጽሑፍ ግን አይነካም፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ዓይን ይደክማል።

መጀመሪያ ሚሌና ብራንዳኦ ስትሠራው «ፍሬዶካ ዋን» የሚባል፣ አንድ ውፍረት ብቻ ያለው ነበር። የአሁኑ ቫሪያብል ፎንት ነው፦ በአንድ ፋይል ውፍረቱ ከ300 (ቀጭን) እስከ 700 (ወፍራም)፣ ስፋቱ ከ75 እስከ 125 በመቶ ይስተካከላል።

ብዙ ዲዛይነር የሚረሳው ስፋቱን ነው፤ እኛ ደግሞ ከምንም በላይ የወደድነው እሱን። ረጅም ቃል አልገባ ሲል በማውስ ገፍቶ ማጥበብ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ የቆሙት መስመሮች ይቀጥናሉ፣ የተጋደሙት እንደወፈሩ ይቀራሉ፣ ክቡ ጫፍም ተጨፍልቆ እንቁላል ይመስላል። ስፋቱን ወደ 85 ቢያወርዱት ግን ፊደሉ ይጠባል እንጂ ቅርጹ አይበላሽም።

የድሮው ፋይል ኮምፒውተርዎ ላይ ካለ ይጠንቀቁ። ፍሬዶካ ዋን ለዓይን ወፍራም ቢሆንም የተመዘገበው በ400፣ ማለትም በመደበኛው ውፍረት ቁጥር ነው። ብሮውዘር ደግሞ ርዕስን በራሱ ቦልድ ስለሚያደርግ፣ የወፈረውን እንደገና ያወፍረዋል። የላቲኑ «ኢ» ቀዳዳ ተደፍኖ ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው። በድረ ገጹ ኮድ ለርዕሱ ውፍረት 400 ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ አዲሱን መጫን ደግሞ ይሻላል። ኢታሊክ (ያዘመመ ፊደል) የለውም፤ የኢታሊክ ቁልፉን ቢጫኑ የሚያገኙት በግድ እንዲያዘም የተደረገ ፊደል ነው።

ውፍረት 700ን ከ20 ፒክስል በታች አንጠቀምበትም። ለኅትመት፣ በተለይ ቀለም በሚመጥ ወረቀት ላይ፣ 600 ይመረጣል፤ ቀለሙ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚደፈኑት የ«ኤ» እና የ«ኢ» ቀዳዳዎች ናቸው። በትልቁ ሲጻፍ የፊደላቱን ክፍተት 1 ወይም 2 በመቶ መቀነስ ያምርበታል። ለስቲከር ቆራጭ ምቹ ነው፤ ሹል ማዕዘን ስለሌለው ጠርዙ ቶሎ አይላጥም። ትርፉ ቪኒል (የስቲከሩ ፕላስቲክ) ሲነቀል ግን የ«አይ» ነጥብ አብራ እንዳትሄድ።

ትልቁ ጉድለቱ ለእኛ ነው፦ ላቲንና ዕብራይስጥ እንጂ የግዕዝ ፊደል የለውም። አማርኛ ሲጽፉበት ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ሌላ ፎንት ይተካል፣ መስመሩም ይዘበራረቃል። ስለዚህ ተተኪውን ራስዎ ይምረጡ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ውፍረቱ ስለሚስተካከል ይቀራረባል፤ ጫፉ ግን ክብ አይደለም። ሎጎ ከሆነ ፊደሉን ወደ ቬክተር ቅርጽ (በመስመር ወደተሣለ ሥዕል) ለውጦ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ ክብ ማድረግ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ ለንግድ ሥራም ይፈቀዳል፤ የተከለከለው ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው።