ስኩባ ለመማር ኬርንስ ወይስ እንግሊዝ?

ለትምህርት ውጭ ወጥቶ ስኩባ (አየር የያዘ ሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ውስጥ መጥለቅ) ላማረው ሁለት ቦታ ላወዳድር። የጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለበት የአውስትራሊያው ኬርንስ የታላቁ የኮራል ሪፍ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቡት የባሕር ውስጥ አለት) መግቢያ በር ነው። ውሃው ሞቃት፣ ዓሣው ባለ ቀለም። ግን ወደ ሪፉ የሚወስደው ጀልባ ዋጋ የተማሪ ኪስ ያራቁታል።

እንግሊዝ ሌላ ዓለም ነው። ሌስተርሻየር ያለው ስቶኒ ኮቭ ውሃ የሞላው የድሮ የድንጋይ ካባ ነው። ጥርና የካቲት ላይ ውሃው ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል። ጣት ይደነዝዛል፣ ከንፈር የራስ አይመስልም። (ሙቅ ሻይ በፔርሙዝ ይዞ መሄድ ግድ ነው!) ታዲያ ምን ይስባል? ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የጠላቂ ተማሪዎች ክበብ አላቸው። አሠልጣኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ዕቃም ያውሳሉ። በዚያ ብርድና ድፍርስ ውሃ የተማረ ሰው የትም አይደናገጥም።

እኔ ብሆን እንግሊዝ ተምሬ ኬርንስን ለእረፍት አቆየዋለሁ። ከጠለቃችሁ በኋላ ግን ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትቆዩ አውሮፕላን እንዳትሳፈሩ።