በድርቆሽ ወራት በአንድ የቤተሰብ እርሻ ያሳለፍናቸው አሥር ቀናት

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በበጋው አጋማሽ ያረፍንበት የእርሻ ግቢ ሦስት ትውልድ አብሮ የሚኖርበት ሲሆን፣ ለእንግዳ የተዘጋጁት ክፍሎች አራት ብቻ ናቸው። ክፍሎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ከጣሪያው ሥር ያሉት ሁለቱ ግን ሌሊት ይሞቃሉ፣ መስኮታቸውም የነፍሳት መከላከያ ወንፊት የለውም። ስለ ማረፊያው ከዚህ የሚበልጥ የምለው የለኝም፤ ልጽፍ ያነሣሣኝ ቤተሰቡ ለእንግዳ ሥራን አምኖ መስጠቱ ነው።

በደረስን ማግሥት የታጨደው ሣር በመስኩ ላይ ተሰጥቶ ነበር። የቤቱ አባት ጠሉ እስኪደርቅ ጠብቀው ሣሩን ከማገላበጣችን በፊት አንድ እፍኝ አንሥተው በእጃቸው እየጠመዘዙ፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ የተከመረ ድርቆሽ እንደሚሻግት፣ በውስጡ የሚባዙት ጥቃቅን ሕዋሳት የሚፈጥሩት ሙቀትም እየጨመረ ሄዶ ከሳምንታት በኋላ ክምሩን በራሱ ሊያቀጣጥለው እንደሚችል ለልጆቼ አስረዷቸው። በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ሲከብድ፣ የአጎራባች ግቢ ሰዎች መንሻቸውን ይዘው ሳይጠሩ መጡ። ዝናቡ በዚያ ምሽት አልዘነበም፤ ሆኖም በከንቱ ደከምን ያለ ሰው አልሰማሁም። በማግሥቱ ቤተሰቡ እኛንም ጨምሮ ወደ ጎረቤቶቹ መስክ ሄዶ ብድሩን መለሰ፤ ትልቋ ልጄም ከአንዲት አዛውንት ጎን ቆማ ክምር ስትረግጥ ዋለች።

ታናሽየው ደግሞ ጋጣውን መረጠ። ላሞቹ ጠዋትና ማታ በ12 ሰዓት ገደማ ልዩነት ይታለባሉ፤ የእርሱ ድርሻ ከእያንዳንዱ ጡት የሚወጣውን የመጀመሪያ ወተት በጥቁር ዕቃ ተቀብሎ፣ የጡት በሽታን የሚጠቁም የረጋ ነገር እንዳለ መመልከት ነበር። አንድ ማለዳ አጠራጣሪ ነገር አይቶ ሲናገር፣ አላቢዋ የዚያችን ላም ወተት ለብቻው አስቀምጣ አመሰገነችው። ልጄ ያን ያህል በቁም ነገር ሲወሰድ አይቼ አላውቅም።

በጣም ቅር ያሰኘኝ አንድ ነገር አለ። ትራክተሩ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሕፃናት በተጎታቹ ጭነት ላይ ተቀምጠው አየሁ። ከተጎታች መውደቅ በእርሻ ቦታ ሕፃናትን ከሚገድሉ አደጋዎች አንዱ ስለሆነ፣ ወዲያው ተናገርሁ፤ ቤተሰቡም ልጆቹን ያለ ክርክር አወረዳቸው። ይሁን እንጂ ይህ እንግዳ እስኪናገር የሚጠበቅ ጉዳይ አልነበረም። የድርቆሽ ብናኝ አስም ላለበት ሰው ከባድ መሆኑን፣ የታጨደ ሣር ጉቶም እግር እንደሚወጋና ሽፍን ጫማ እንደሚያስፈልግ አስቀድመው ቢያሳውቁ መልካም ነበር።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው ረዘም ያሉ ቀናት ይያዝ። አጨዳው የሚውልበትን ሳምንት የሚወስነው አየሩ ነው፤ እኛ ከመድረሳችን በፊት ሦስት ቀን ብቻ ቆይተው የተመለሱት እንግዶች ሣሩ ገና እንደቆመ ነበር የሄዱት።