የ1937ቱ ቤሬታ ሽጉጥ፦ ወራት አብሮኝ ከቆየ በኋላ

ቤሬታ ሞዴል 1934 ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። አሁን በደንብ ተዋውቀናል። ስለዚህ ሳልቀባባ ልናገር፦ ለመተኮስ ብቻ ከሆነ አትግዙት። በዚያው ገንዘብ እጅ የማይነክስና ዒላማው ጥርት ብሎ የሚታይበት አዲስ ሽጉጥ ታገኛላችሁ። ታሪክ በእጄ ልያዝ ካላችሁ ግን፣ በተለይ ኢትዮጵያዊ ከሆናችሁ፣ በዚህ ዋጋ ይህን ያህል የሚያናግር ብረት ያለ አይመስለኝም።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ የምጽፈውም እዚህ ባለው ሕግ ነው። አገር ቤት ያላችሁ ይህን እንደ ምክር እንዳትወስዱት። እዚያ በ2012 ዓ.ም. የወጣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ቀልድ አይደለም። እዚህ ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ የሆነው መሣሪያ እንደ ታሪካዊ ዕቃ ይታያል፤ ለሰብሳቢ ብቻ የሚሰጥ የፌዴራል ፈቃድም አለ። 30 ዶላር ነው፣ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ፈቃዱ ካላችሁ ዕቃው ቤታችሁ ድረስ ሊላክላችሁ ይችላል። በምትኩ የገባውንም የወጣውንም በደብተር መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ተቆጣጣሪ ሲጠይቅ ማሳየት አለባችሁ። እኔ ይህን ደብተር እወደዋለሁ። ከየት መጣ፣ መቼ ገባ፣ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ሁሉም በቦታው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያላልኩት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።)

ወደ ሽጉጡ ልግባ። ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ደግሞ ወደ 660 ግራም። ሰባት ጎራሽ ነው። እጅ ውስጥ ሲገባ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከመያዣው ልባስ በቀር ሁሉም ብረት ነው። የቀረጸው ቱሊዮ ማሬንጎኒ ይባላል፤ የቤሬታ ዋና መሐንዲስ ነበር። የጣሊያን ጦር በዚያን ጊዜ የጀርመኑን ዋልተር ፒፒ ሽጉጥ እያየ ስለነበር፣ ቤሬታ ገበያው እንዳያመልጠው ነው ይህን ይዞ የቀረበው። ኩባንያው እንኳ ከ1526 ጀምሮ ለቬኒስ የጦር ግምጃ ቤት አፈሙዝ የሸጠ ቤት ነው፤ ያኔ እኛ አገር ግራኝ አሕመድ ሽምብራ ኩሬ ላይ ገና አልተዋጋም።

የኔው በግራ ጎኑ ላይ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለው። የቤሬታ ስም፣ ካሊበር 9 ኮርቶ፣ ሞዴል 1934፣ ጋርዶኔ የሚለው የከተማው ስም፣ ቀጥሎ 1937፣ ሰረዝ፣ ከሰረዙ በኋላ በሮማ ቁጥር 15። ፊደሎቹ ጠርዛቸው አሁንም ስለታም ነው፤ ጥፍር ሲሄድባቸው ይይዛል። መብራት በጎን ሲመታው ቀራጩ የመጨረሻዋን አሃዝ ትንሽ ዘንበል አድርጎ እንደመታት ይታያል።

ያስገዛችኝ ይህቺ 15 ናት። ፋሽስቶች ሙሶሊኒ በጥቅምት 1922 ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበር፤ በሕንፃውም፣ በሳንቲሙም፣ በሽጉጡም ላይ ይጽፉታል። 15ኛው ዓመታቸው በእኛ ከጥቅምት 1929 እስከ ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ያለው ነው። እስቲ በዚያ አንድ ዓመት የሆነውን አስቡት። የራስ ካሳ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን ፍቼ ላይ ተገደሉ። የካቲት 12 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ለሦስት ቀን በደም ታጠበች። ሳምንት ሳይሞላ ራስ ደስታ ዳምጠው ተረሸኑ። ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ይህ ሁሉ በዚያች የሮማ ቁጥር ሥር ነው። እኔ የካቲት 12ን በየዓመቱ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አበባ ሲቀመጥ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ገዳዮቹ ያንን ዓመት በራሳቸው እጅ ብረት ላይ ጽፈውት ሳየው ግን ሌላ ነገር ነው የተሰማኝ።

ከኋላ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት አጠገብ፣ ሌላ ማህተም አለ። አክሊል፣ ከሥሩ «አር» እና «ኢ» የሚሉ ሁለት ፊደላት። የንጉሡ ምድር ጦር ዕቃ ነው ማለት ነው። የባሕር ኃይሉ «አር ኤም»፣ የአየር ኃይሉ «አር ኤ»፣ የፖሊሱ «ፒ ኤስ» ይላል። ከ1943 በኋላ ጀርመኖች ሰሜን ጣሊያንን ሲይዙ ያሠሩት ደግሞ የራሱ ማህተም አለው፤ ሰብሳቢዎች ይህንንም ለብቻው ይፈልጉታል። እኔ ዓይኔ የሚሄደው ወደ አክሊሉ ነው። የቪክቶር ኢማኑኤል አክሊል ነው፤ ግንቦት 1936 ራሱን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ያሰኘው ሰውዬ።

አንድ ወዳጄ «ይሄ የጠላት ዕቃ እቤትህ ምን ይሠራል?» ብሎኝ ያውቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም አጭር ነው። አርበኞቻችን ጣሊያንን ከወጉበት ብረት ብዙው ከራሱ ከጣሊያን የተማረከ ነው። ምርኮ በእኛ ዘንድ ክብር እንጂ ነውር ሆኖ አያውቅም። ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ አልቤን እያልን በቀረርቶ የምናነሳው ሁሉ ከፈረንጅ የመጣ ብረት ነው። እኔ ይህን ሽጉጥ ለፋሽስት መታሰቢያ አልያዝኩትም፤ ማስረጃ ነው። እነሱ በግምጃ ቤታቸው ያስቀመጡት ማስረጃ አንድ የኢትዮጵያ ልጅ ቤት ተቆልፎ ተቀምጧል፤ ይህ ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ አተኳኮሱ። 9 ኮርቶ የሚባለው ጥይቱ አሜሪካ ውስጥ 380 በሚል ስም በየሱቁ ይሸጣል፤ ጆን ብራውኒንግ ሠርቶት ኮልት በ1908 ያወጣው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ሌላ ነው። ያኛው ቀለሃው 19 ሚሊ ሜትር ነው፣ የዚህ 17። «9» የሚለውን አይታችሁ ብቻ እንዳትገዙ። ከጦርነቱ ዘመን የተረፈ ጥይትም አትተኩሱበት፤ ዝገት ያመጣል፤ እሱ ለመደርደሪያ ነው።

ለትንሽ ጥይት ግፊቱ ኃይለኛ ነው። አፈሙዙን የሚቆልፍ ነገር የለውም፤ ስላይዱን፣ ማለት ላይኛውን ተንሸራታች ብረት፣ ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚያዘገየው ክብደቱና አንድ ጠንካራ ሞላ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ድንጋጤው መዳፍ ላይ ይወርዳል። እጃችሁ ትልቅ ከሆነ ደግሞ መምቻው ወደ ኋላ ሲመለስ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ይቆነጥጣል። ጓንት የሚያደርጉ አሉ። የዒላማ ማያው እንደ ሰሊጥ ፍሬ ናት፤ ብርሃን ደከም ካለ ጭራሽ አትታይም። ምላጩ ከባድ ነው፤ ግን እየቆየ ይለመዳል። ቅርብ ላይ፣ ዘና ብሎ ለሚተኩስ ሰው፣ ያስቀመጡበት ይመታል። ከዚያ ሲርቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ብዙ ሰው የሚያማርርበት ካዝናው ነው፤ እውነትም አላቸው። የመጨረሻዋ ጥይት ስትወጣ ስላይዱ ተከፍቶ ይቆማል። የያዘው ግን የካዝናው ውስጠኛ ሳህን ነው፣ ለብቻው የተሠራ መያዣ የለውም። ባዶውን ካዝና ለማውጣት በአንድ እጅ እጀታው ሥር ያለውን መንጠቆ ወደ ኋላ ትገፋላችሁ፣ በሌላው ትጎትታላችሁ፣ ካዝናው ደግሞ የስላይዱ ጉልበት ተጭኖታልና አልለቅም ይላል፣ ትታገላላችሁ፣ በመጨረሻ ሲለቅ ስላይዱ ቿ ብሎ ይዘጋል። ቀጣዩን ካዝና ስታስገቡ እንደገና መሳብ ነው። በጦር ሜዳ ይህን ያደረገ ሰው ምን ይሰማው እንደነበር አስባለሁ።

ሴፍቲው ሌላው ድካሙ ነው። ትንሿን ዘንግ ግማሽ ዙር ማዞር ያስፈልጋል፣ በአንድ እጅ አይመችም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የሚቆልፈው ምላጩን ብቻ መሆኑ ነው፤ መምቻውን አይዝም። ስለዚህ ጥይት ጎርሶና መምቻው ተስቦ በሴፍቲ ብቻ አምኖ መያዝ አይገባም። እኔ ከተኩስ ሜዳ ውጪ ጥይት አስገብቼበት አላውቅም፤ እቤትም ጥይቱ ሌላ፣ ሽጉጡ ሌላ ሳጥን ውስጥ ተቆልፈው ነው የሚቀመጡት። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ከዚህ በቀር ያለው ነገር ሁሉ ያስመሰግነዋል። የስላይዱ አናት ክፍት ስለሆነ ቀለሃው የሚወጣበት ቦታ ሰፊ ነው፤ ባዶ ቀለሃ ተቀርቅሮ አያውቅም። ያ ክፍት አናት ዛሬም በቤሬታ 92 ላይ አለ፤ የቤቱ መለያ ሆኗል። ለጽዳት ሲፈታ ደግሞ ውበቱ ይታያል። ካዝናውን አውጥቶ፣ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጦ፣ ስላይዱን ወደ ኋላ መሳብ፤ ያቺው ሴፍቲ ስትዞር ስላይዱን ትይዘዋለች። አፈሙዙ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ ሲደረግ ከላይ ብድግ ብሎ ይወጣል። ካቻቢቴ አያስፈልግም። ውስጡን ስታዩት ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ወፍራም። ለምን ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደተሠራ ያኔ ይገባችኋል።

የቀየርኩት አንድ ነገር ነው፤ ሞላውን። የድሮው ደክሞ ስላይዱ ከኋላ በኃይል ይጋጭ ነበር። አዲስ ሞላ ርካሽ ነው፣ ይገኛል። የጥንቱን ግን አልጣልኩትም፤ ዘይት ቀብቼ በፖስታ ውስጥ ከስሙ ጋር አስቀምጬዋለሁ። የመያዣው ልባስ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፣ ከጀርባው በቆርቆሮ የተደገፈ፤ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አለው። እሱን አልነካሁትም።

ቀለሙንም አትንኩ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ጥቁር ሰማያዊ ቀለሙ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ለቆ ብረቱ ነጣ ብሏል፤ ከአፎት ሲገባና ሲወጣ የተፋቀ ነው። ያንን አስወልውሎ አዲስ ያስመሰለ ሰው ማህተሙን አደብዝዟል፣ የሰብሳቢ ዋጋውንም ገደል ከቶታል። በስስ ዘይት ማበስ ብቻ ይበቃል። የቨርጂኒያ ሐምሌ ወበቁ አይጣል ነውና ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አስገቡ። ቆዳ አፎት ውስጥ አስቀምጦ መርሳት ደግሞ ብረትን በቁሙ መቅበር ነው፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ ዝገቱ ከሥር ይጀምራል። የኔን አፎት ከሽጉጡ ለይቼ ነው ያስቀመጥኩት።

ስለ ሻጮች አንድ ነገር ልበል። ለዚህ ሽጉጥ ወደ 600 ዶላር ከፈልኩ። ከዚያ በፊት በአንድ የመሣሪያ ባዛር ላይ ያየሁት ሌላ ቤሬታ ነበር፤ ባለቤቱ አነጋገሬን ሰምቶ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ፣ ከነገርኩት በኋላ ሽጉጡ «ከአቢሲኒያ የመጣ» ሆነ፣ ዋጋውም አብሮ ወጣ። ወረቀት አለህ ወይ ስለው የለም። ይህ በጣም አናደደኝ። የሕዝቤን መከራ ነው መልሶ ሊሸጥልኝ የፈለገው። የዚያን ዘመን አሜሪካዊ ወታደር የማረከውን ሽጉጥ ወደ አገሩ ሲያስገባ አዛዡ ፈርሞ የሚሰጠው ወረቀት ነበር፤ የመሣሪያው ቁጥር የተጻፈበት ያ ወረቀት አብሮ ካለ በርግጥ ዋጋ ይጨምራል። ካልሆነ ወሬውን ትታችሁ ብረቱን አንብቡ። በስላይዱና በአካሉ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው? ዓመቱና የሮማ ቁጥሩ ይገጥማሉ? የአስመጪ ድርጅት ስም ተቀርጾበታል? ከ1968ቱ የአሜሪካ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ወዲህ ለሽያጭ የገባ መሣሪያ የአስመጪው ስም ሊኖርበት ይገባል፤ ከሌለበት ከዚያ በፊት፣ ብዙ ጊዜም በወታደር ሻንጣ የገባ ነው። ካዝናውስ የራሱ ነው? የራሱ ካዝና ብቻውን ጥሩ ገንዘብ ያወጣል። ጋንዲ በጃንዋሪ 1948 የተገደሉት በዚሁ ሞዴል ስለሆነ ይህንንም እየጠቀሱ ዋጋ የሚሰቅሉ አሉ፤ ለእናንተ ሽጉጥ ምንም አይጨምርለትም።

የኔው ራሱ ኢትዮጵያን ይርገጥ አይርገጥ የሚናገር ምልክት የለውም። የአስመጪ ስም ስለሌለበት ምናልባት ከ1943 በኋላ ጣሊያን ውስጥ የተማረከ ይሆናል። ለእኔ ዓመቱና አክሊሉ በቂ ናቸው፤ እነሱ አይዋሹም።

አሁን የምፈልገው ቦዴዮ ነው። የ1889 ሞዴል፣ ስድስት ጎራሽ፣ 10.35 ሚሊ ሜትር፣ በዐድዋ ዘመን የጣሊያን ጦር መደበኛ ሽጉጥ የነበረው። ለተራ ወታደር የተሠራው ምላጩ ይታጠፋል፣ የመኮንኑ ደግሞ ምላጩን የሚከልል ቀለበት አለው። እዚህ አገር እስከ 1898 የተሠራ መሣሪያ በፌዴራል ሕግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር አገዛዙም ይቀላል። ጥይቱ እንደ ልብ አይገኝም፤ መተኮሱን አልፈልገውም፣ ግድ የለኝም። ከዐድዋ በፊት የተሠራበት ዓመት በግልጽ የሚነበብበት፣ ቀለሙ ያልታደሰ ካገኘሁ እወስደዋለሁ።