1050 ቲአይ ብለው 550 ቲአይ ሸጡልኝ

መገናኛ አካባቢ ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተርን ምስልና ቪዲዮ የሚሠራውን ክፍል) ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ብሩን ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ከሱቁ ገና መመለሴ ነው። ንዴቱ አልበረደልኝም፣ ለፊደል ግድፈቱ ይቅርታ።

የሱቁን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ፎቅ ላይ ነው፣ ግማሹ የስልክ ከቨር፣ ግማሹ ኮምፒውተር፣ መስታወቱ ላይ «ስላሽ ላፕቶፕ በቅናሽ» የሚል ወረቀት። ደረሰኝ ስትሉ ደግሞ «ከነቫቱ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» የሚል ልጅ አለ።

እኔ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። የድሮ ካርዴ ሲሞትብኝ ጓደኛዬ የሚሠራበትን ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ፈለግኩ። አዲስ ካርድ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 2016 የወጣ ነው። ግን 4 ጊጋ ሚሞሪ አለው፣ የሚበላው 75 ዋት ብቻ ስለሆነ ፓወር ሰፕላዬን አያስጨንቅም፣ ለእኔ ሥራ ይበቃል። ሱቁ «አለን፣ እሽጉ ያልተፈታ» አለኝ። ዋጋው ሌላ ቦታ ከጠየቅኩት ትንሽ ቀነስ ይላል። በጣም ቢረክስ እኮ እጠረጥር ነበር። ትንሽ ብቻ! ተንኮላቸው እዚህ ጋ ነው። የአንድ ሰርግ ቀብድ እንዳለ አስረከብኩ።

እዚያው ሰክተው አሳዩኝ። ልጁ ዊንዶውሱ ላይ ስሙን በጣቱ እያሳየ «ይኸው፣ ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ፣ ሌላ ምን ቀረህ?» አለ። ልወጣ ስል ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ያለበትን ፍላሽ ሰጠኝና «ድራይቨሩን ከዚህ ብቻ ጫን፣ ከኢንተርኔት እንዳታወርድ፣ ይበላሽብሃል» ብሎ መከረኝ። አመሰገንኩት። አመሰገንኩት!

ቤት ገብቼ የቪዲዮ ማቀናበሪያዬን ፕሪሚየርን ስከፍት፣ ኤክስፖርት ላይ ሃርድዌር ኢንኮዲንግ የሚለው አማራጭ አይሠራም። ለእኛ ለኤዲተሮች የ1050 ቲአይ ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው፣ ኤንቬንክ የሚባል ቪዲዮ የሚጨምቅበት የራሱ ክፍል አለው። ፕሮሰሰሬ ዚዮን ነው፣ የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ ስለዚህ ካርዱ ካልሠራልኝ የሚሠራልኝ የለም። ፎር ኬ ቪዲዮ ታይምላይኑ ላይ ስጥል ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ትክክለኛውን ድራይቨር ከቺፑ አምራች ከኤንቪዲያ አውርጄ ስጭን ደግሞ ሰማያዊ ስክሪን።

ጓደኛዬ የራሱን ካርድ ነቅሎ ይዞልኝ መጣ። ሁለቱን በየተራ ሰካናቸው፣ ያው ኮምፒውተር፣ ያው ፕሮጀክት። የሱ ኤክስፖርቱን ቡናው ቶና ሳይደርስ ጨረሰው። የኔ ፋኑን ሲያስጮህ ቆየና መሃል ላይ ፕሮግራሙን ይዞት ጠፋ። ከዚያ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን፣ ካርዱ ውስጥ ያለው ቺፕ ምን እንደሆነ የሚያሳየውን ነፃ ፕሮግራም ከፈተ። የሱ ላይ ቺፑ ጂፒ107፣ 14 ናኖሜትር፣ 768 ኮር ይላል። የኔ ላይ ከስሙ ፊት በቅንፍ «ፌክ» የሚል ተጽፏል፣ ከሥሩ ጂኤፍ116፣ 40 ናኖሜትር፣ 192 ኮር። ይኼ በፈረንጆቹ 2011 የወጣው የጂቲኤክስ 550 ቲአይ ቺፕ ነው። ሚሞሪው 1 ጊጋ። ኤንቬንክ የለውም፣ በዚያ ትውልድ ገና አልነበረማ። ኤንቪዲያም ለእነዚህ ካርዶች መደበኛ ድራይቨር ማውጣት ያቆመው በፈረንጆቹ 2018 ነው።

የሚያደርጉት ምን መሰላችሁ፣ የድሮውን ካርድ ባዮስ፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ ሆኖ ማንነቱን ለኮምፒውተሩ የሚናገረውን ፕሮግራም፣ ይቀይሩና ስሙንም የሚሞሪውንም መጠን ያስዋሹታል። ዊንዶውስ የተነገረውን ያምናል። ባጃጅ ላይ የቪትዝ አርማ ለጥፎ እንደመሸጥ ማለት ነው። ዋሾነቱ የሚጋለጠው ሥራ ሲበዛበት፣ ከ1 ጊጋ በላይ ሲጠየቅ ነው። ያኔ ደግሞ እናንተ ቤታችሁ ናችሁ።

ካርዱን፣ የጂፒዩ-ዚውን ፎቶና ደረሰኙን ይዤ ተመለስኩ። ባለሱቁ ስልኩን እየነካካ ነበር፣ ቀና እንኳ አላለም። አስረዳሁት። «ደረሰኙን እስቲ» አለኝ። ሰጠሁት። ባንኮኒው ላይ ዘረጋው፣ አንዴ በመዳፉ ዳበስ አደረገው፣ ከዚያ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበልኝ፣ «ቪጂኤ ካርድ፣ 1።» ዝም አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ወንድሜ፣ 1050 የሚለው የቱ ጋ ነው?»

እውነትም የለም። ቪጂኤ ካርድ ማለት ማንኛውም ግራፊክስ ካርድ ነው፣ 1050 የሚል የትም ቦታ አልተጻፈም። ልጁ ከጀርባው «ፕሮግራም አውርዶ መጣ እኮ!» እያለ ይስቃል። ሰውየው ቀጠለ፣ «ቪጂኤ ካርድ ፈለግክ፣ ሰጠንህ። ሰክተን አሳየንህ፣ ወደኸው ወሰድክ። የተሸጠ ዕቃ ደግሞ አይመለስም፣ ተጽፏል።» ይኼኛው ብቻ ተጽፏል፣ በትልቁ። ሰውየው አንዴም «ካርዱ ትክክለኛ ነው» አላለኝም። ልብ በሉ፣ አንዴም! ምን እንደሸጠ አሳምሮ ያውቃል። የሚከራከረኝ ስለ ካርዱ ሳይሆን ስለ ወረቀቱ ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ቦርሳ ያዘለ ልጅ ገባ። የአርክቴክቸር ተማሪ ነው መሰለኝ፣ ለስሪዲ የሚሆን ካርድ ነበር የሚጠይቀው። ሻጩ ልጅ እኔ እዚያው ቆሜ፣ የኔ ካርድ ባንኮኒው ላይ ተጋድሞ፣ ያንኑ ካርቶን ከመደርደሪያው አወረደና «1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ፣ ኦርጅናል» አለው። ድምፁ እንኳ አልተቀየረም። «ወንድሜ እንዳትገዛ፣ የቁጩ ነው» አልኩት። ባለሱቁ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ያስቀመጠው። ክንዴን ይዞ «ሥራ አታስፈታን፣ ደንበኛ አታስደንግጥብን» እያለ እስከ በሩ ሸኘኝ። ካርዴን ልጁ ከኋላ አቀበለኝ። ተማሪው ይግዛ ይተው አላየሁም።

እንግዲህ የግድ የምትገዙ ከሆነ ደረሰኙ ላይ ሞዴሉን ከነቁጥሩ አጽፉ፣ እምቢ ካሉ ውጡ። ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ክፈቱት። ካርዱን ከኋላ እዩት፣ ሰማያዊው የቪጂኤ ሶኬት ካለበት ተጠራጠሩ፣ የ1050 ቺፕ ይኼ ሶኬት የሚፈልገውን አናሎግ ምልክት አያወጣም። በቃ።

ንግድ ቢሮ ላመለክት ነው። ያ ቦርሳ ያዘልከው ልጅ፣ ይኼ ጽሁፍ ከደረሰህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ገዝተህም ከሆነ፣ ትተህም ከሆነ። የኔ ደረሰኝ ላይ የሌለውን «1050 ቲአይ» የሚለውን ቃል ከልጁ አፍ ሲወጣ አንተ ሰምተሃል።