ቮልሳችሁን ወደ ኤሌክትሪክ ለማስቀየር ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው የቆየ ቮልሳቸውን ወደ ኤሌክትሪክ ለማስቀየር ከጋራዥ ጋር እየተነጋገሩ ላሉ፣ በተለይም ቀብድ ለመክፈል ለተዘጋጁ ሰዎች ነው። እኔ ከስምንት ወር በፊት ይህንኑ አድርጌያለሁ። ዛሬ አባቴ በ1964 ዓ.ም. የገዙት ቮልስ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል፤ የቤንዚን ሞተሩ የለም፣ የኤሌክትሪኩንም ሞተር ለማስነሳት አልደፍርም። የጋራዡን ስም አልጠቅስም፤ ልታውቁት የሚገባው የውሉን ዓይነት ነው።

ሐሳቡ በራሱ መጥፎ እንዳልሆነ አስቀድሜ መናገር አለብኝ። በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ በኋላ፣ የቤንዚን ዋጋም በየጊዜው እየጨመረ ሲመጣ፣ ያለውን መኪና ማስቀየር የሚያዋጣ መስሎ መታየቱ አያስደንቅም። ቮልስ ደግሞ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው፣ ራዲያተር የለውም፣ ፍሬኑም ለመሥራት የሞተሩን እገዛ አይፈልግም። ፋብሪካው ቮልስዋገን ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ በዚሁ መንገድ የተለወጠ ቮልስ ሠርቶ ለሕዝብ አሳይቷል። ያ መኪና 36.8 ኪሎዋት ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል የሚለካበት ነው) ባትሪ ይዞ 200 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሄድ ተገልጿል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ፤ እኔ ከመዋዋሌ በፊት ባውቃቸው ኖሮ ገንዘቤ አይጠፋም ነበር።

የተዋዋልንበት ወረቀት «በአንድ ቻርጅ 150 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይላል። ከጠቅላላው ዋጋ 70 በመቶውን በቅድሚያ የከፈልሁት ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር አምኜ ነው። መኪናውን ከተረከብሁ በኋላ ባትሪው ከሞላበት ሰዓት ጀምሮ ቀስ ብዬ ብነዳም 26 ኪሎ ሜትር ላይ አቅም አጥቶ ቆመብኝ። ቅሬታዬን ሳቀርብ መጀመሪያ አነዳዴ ከባድ ነው ተባልሁ፣ ቀጥሎ የአዲስ አበባ ዳገት ነው ምክንያቱ ተባለ፣ በመጨረሻም 150 ኪሎ ሜትር የተባለው በሜዳ መንገድ፣ አንድ ሰው ብቻ ጭኖ፣ በዝግታ ሲነዳ እንደሆነ ተነገረኝ። ከእነዚህ አንዱም ውሉ ላይ አልተጻፈም። የኪሎ ሜትር ተስፋ ሁልጊዜ እንዲህ ወደ ክርክር ይወስዳል፤ የባትሪ መጠን ግን ባትሪው ላይ ተጽፎ የሚገኝ ስለሆነ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም።

ስሌቱ ማንም ሰው በስልኩ የሚሠራው ነው። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ስድስት ባትሪዎች ተደርድረው አገኘሁ፤ እያንዳንዳቸው 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ናቸው። ስድስቱ ተያይዘው 72 ቮልት ሲሆኑ፣ 72 በ100 ሲባዛ 7,200 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ባትሪዎቹ የተለመዱት የሊድ አሲድ ባትሪዎች በመሆናቸው በፍጥነት እንዳይበላሹ ከያዙት ከግማሽ በላይ ባይወሰድባቸው ይመረጣል፤ ስለዚህ በእጄ የነበረው 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። የፋብሪካው መኪና 200 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 36.8 ከያዘ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 18.4 ይፈልጋል ማለት ነው። በዚህ ልክ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ያደርሳል፤ የእኔ ቮልስ ከዚያኛው ቀለል ስለሚል እና ባትሪውን ከግማሹ በታች ስላወረድሁት 26 ደረሰ። ቃል የተገባልኝን 150 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በዚያው ልክ ከ27 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያስፈልግ ነበር። የተሰጠኝ የዚያ ሩብ ያህሉ ነው፣ ያውም በወረቀት ላይ።

ዳገቱም ቢሆን ቀድሞ የሚሰላ ነገር ነው። ከነተሳፋሪው 1,100 ኪሎ የሚመዝን መኪናን 300 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ብቻውን 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ መውጣት በእጄ ከነበረው 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ሩቡን ይወስዳል ማለት ነው፣ መንገዱ ራሱ የሚፈልገው ገና ሳይጨመር። እዚህ ከተማ ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ይህን አላውቅም ሊል አይገባም።

ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የደኅንነቱ ጉዳይ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘመዴ መኪናውን ሲያይ ዋናው መስመር ላይ የተገጠመው ማቋረጫ ለቤት መብራት የሚሠራው ተራ ብሬከር መሆኑን አሳየኝ። የቤት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀያይር ስለሆነ ብሬከሩ ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል፤ የባትሪ ኃይል ግን ባለማቋረጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚፈስ ብልጭታው ሊቀጥልና ብሬከሩን ራሱን ሊያቀልጠው ይችላል። ሽቦ ተነካክቶ ብዙ መቶ አምፔር በሚፈስበት ጊዜ መኪናዬን ከእሳት ያድናል የተባለው ዕቃ ይህ ነበር። ሊድ አሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ሃይድሮጅን የተባለ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ የእኔዎቹ ልጆቼ ከሚቀመጡበት ወንበር ጀርባ፣ ያለ ክዳንና ያለ አየር መውጫ ነው የተቀመጡት። የቮልስ ባለቤቶች የኋላ ወንበር ሞላ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት እንደሚያስነሳ ከድሮ ጀምሮ እናውቃለን፤ ያ የሚሆነው በአንድ ባትሪ ነበር።

ክብደቱን በአጭሩ ልጥቀሰው። ስድስቱ ባትሪዎች በድምሩ ወደ 180 ኪሎ ይሆናሉ፤ ፍሬኑም ሆነ አሞርዛተሩ ግን አልተነካም። የፋብሪካው መኪና ክብደቱ 1,280 ኪሎ ስለደረሰ ሻንሲውና ፍሬኑ እንዲጠናከሩ ተደርጓል።

አሁን ዋነኛ ወደምለው ልምጣ። ውሉ ውስጥ አሮጌው ሞተር «በዋጋ ቅናሽ መልክ» ለጋራዡ እንደሚተው የሚገልጽ አንድ መስመር ነበር፤ ቅናሹም ትንሽ ስለነበር ብዙም ትኩረት አልሰጠሁትም። ሊብሬዬ ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር የዚያ ሞተር ቁጥር ነው። መኪናው አሁን ከሊብሬው ጋር የሚመሳሰል ሞተር ስለሌለው ለዓመታዊ ምርመራ ይዤው መቅረብ አልቻልሁም፤ የለውጡን ሕጋዊነት የሚያስረዳ ወረቀት ስጠይቅም ጋራዡ ያ የእኔ ጉዳይ እንደሆነ መለሰልኝ። ወደ ቀድሞው ልመልሰው ብዬ ሞተሬን ስጠይቅ ደግሞ ተሽጧል ተባልሁ። ጋራዡ ያደረገው ሌላው ሁሉ በገንዘብ ይስተካከላል፤ ይህ ግን የመመለሻ መንገዴን ዘጋብኝ። ሞተሩ በእጄ ቢሆን ኖሮ ባትሪዎቹን አውልቄ፣ ከስሬም ቢሆን፣ የአባቴን መኪና በሁለት ቀን ወደ መንገድ እመልሰው ነበር።

ደረሰኙም ሌላ ጥፋት ነው። የተሰጠኝ ደረሰኝ «የመኪና ጥገና አገልግሎት» ከማለት በቀር ስለ ባትሪ፣ ስለ ሞተር፣ ስለ ኮንትሮለር (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ) አንድም ቃል የለበትም። በ2006 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ይዤ አቤቱታ ለማቅረብ ስነሣ፣ ምን ዕቃ እንደገዛሁ የሚያስረዳ ማስረጃ በእጄ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

ስለዚህ ገና ያልከፈላችሁ ሰዎች የባትሪውን ዓይነት፣ መጠኑን በኪሎዋት ሰዓት እና አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑን ውሉ ላይ ሳታስጽፉ ብር አታውጡ፤ ኪሎ ሜትር የሚጻፍ ከሆነም ከየት እስከ የት፣ ስንት ሰው ተጭኖ እንደሚሞከር ይጻፍ፣ የመጨረሻው ክፍያም ከዚያ ሙከራ በኋላ ይሁን። የዋናው ማቋረጫና የፊውዙ መግለጫ ለባትሪ ኃይል የተሠሩ መሆናቸውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ለውጡ ሊብሬው ላይ የሚመዘገብበትን አካሄድ ከመኪናው መፈታት በፊት ራሳችሁ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ አጣሩ።

ቀብድ ከፍላችሁ መኪናችሁ አሁን ጋራዥ ውስጥ ተፈትቶ የሚገኝ ደግሞ ነገ ጠዋት ፒክአፕ ይዛችሁ ሂዱና ሞተራችሁን ጭናችሁ ወደ ቤት አምጡት፤ ከመጫናችሁ በፊት ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ።