ከግድግዳ የሚመረጥ ጺም፦ በደሴ ስላለ አንድ የወንዶች ጸጉር ቤት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የወንዶች ጸጉር ቤቶች ይህን ቤት የሚለየው ግድግዳው ነው። ሌሎቹ የእግር ኳስ ተጫዋቾችንና በማሽን የተሰመሩ ቀጫጭን ጺሞችን ፎቶ ሲለጥፉ፣ እዚህ የተሰቀሉት በሥነ ጥበብና በሙዚቃ ታሪክ ስማቸው የገነነ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ጺማቸው የተንዠረገገ ሰዎች ናቸው። ምስሎቹ ለጌጥ ብቻ አልተሰቀሉም፤ ባለሙያው «ጋሼ፣ የትኛውን ላድርግልዎ?» ብሎ የሚጠይቀው ወደ እነርሱ እያመለከተ ነው።

ከሁሉም የፈረንሳዊው ሰዓሊ የጉስታቭ ኩርቤ ምስል ይበልጥብኛል። ኩርቤ እ.ኤ.አ. በ1854 በሣለው ሥዕል ራሱን የሥዕል ዕቃውን በጀርባው ተሸክሞ፣ ዱላ ይዞ፣ በገጠር መንገድ ላይ ሥራዎቹን ይገዛለት ከነበረው ባለጸጋ ጋር ሲገናኝ አሳይቷል። የባለጸጋው አገልጋይ አንገቱን ደፍቶ ሳለ ሰዓሊው ቀና ብሎ ሾጣጣ ጺሙን ወደ ፊት ቀስሮ ቆሟል፤ የሰውየውን ኩራት ከዓይኑ ይልቅ ጺሙ ይናገራል። ባለሙያው ይህን ቅርጽ ከጉንጭ አሳጥሮ ከአገጭ በማስረዘም አሳምሮ ያወጣዋል።

የቀራፂው ኦጉስት ሮዳን ጺም ደረት ላይ የሚወርድ ነው። ወፍራም አንገትና ሰፊ ደረት ላለው ሰው ግርማ ይሰጣል፤ በቀጭን ሰው ላይ ግን የተውሶ ጋቢ ይመስላል። ባለሙያው ይህን ለደንበኛው በትሕትና መናገሩን ወድጄለታለሁ።

ጺማቸው ገና ላልሞላ ወጣቶች የሚያሳየው የዮሐንስ ብራምስን ሁለት ፎቶዎች ነው። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ በአንደኛው ፊቱ የተላጨ ለግላጋ ወጣት ሲሆን፣ በሁለተኛው ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ጺማም አዛውንት ነው። ብራምስ ያንን ጺም ያሳደገው እ.ኤ.አ. በ1878፣ በ45 ዓመቱ ስለነበር፣ የሃያ ዓመት ልጅን ለማጽናናት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ቅር ያሰኘኝ የሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ የሙሶርግስኪ ምስል ነው። ኢልያ ሬፒን ይህን ሥዕል የሣለው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1881፣ ሙሶርግስኪ በቅዱስ ፒተርስበርግ ወታደራዊ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት ነበር። የተንጨባረረው ጸጉር፣ ያልተበጠረው ጺምና የቀላው አፍንጫ ግዙፉ ሰው በመጠጥና በሕመም መጎዳቱን ሳይሸሽጉ ያሳያሉ። እዚህ የተሰቀለው ቅጂ ግን ሲታተም ስለጠቆረ ቅላቱ ጠፍቶ ሥዕሉ ተራ ፎቶ መስሏል። በዚያ ላይ ከአንዱም ምስል ሥር ስም አልተጻፈም። ከአገራችንም አንድ ሰው እንኳ አለመኖሩ ያስቆጫል፤ ጺማሙ ሰዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ከብራምስ ጎን ቢሰቀል ግድግዳው ባልተጣበበ ነበር።

አገልግሎቱ ንጹሕ ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ ይከፈታል፤ በሙቅ ውኃ የተነከረው ፎጣም፣ በተለይ ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥቶ የደሴ ብርድ ለሚመታው ሰው፣ ብቻውን ዋጋ አለው። ሒሳቡ ከአካባቢው ጸጉር ቤቶች ከፍ ቢልም ጺም ለማስተካከል የሚወስዱትን ጊዜ ላየ አይበዛም። ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ ወረፋው ስለሚረዝም በሥራ ቀን ማለዳ መሄድ ይሻላል።