ጋን ሾው ላይ «ዋይልድካት ነው፣ በርካሽ ውሰደው» ስትባሉ

ወገን እዚህ ኮሎራዶ ኤልክ አደን የምትወጡ ካላችሁ ይሄን ሳታነቡ ያገለገለ ጠመንጃ እንዳትገዙ። እኔ ተሸውጃለሁ እናንተ እንኳን ትረፉ።

ጋን ሾው (የጠመንጃ ገበያ) ላይ አንድ ሰውዬ የሚያምር ቦልት አክሽን ጠመንጃ (መቀርቀሪያው በእጅ የሚሳብ) ይዞ በርሜሉ ላይ 30-06 (የታወቀ የአደን ጥይት ዓይነት ነው) አክሊ ኢምፕሩቭድ (አክሊ ያሻሻለው ማለት ነው) የሚል ተቀርጾበታል። «ከሱቅ የምትገዛውን ተራ 30-06 ጥይት ይተኩሳል፣ ጉልበቱ ግን የማግነም ነው» አለኝ፣ ማግነም ከተራው የበረታ ጥይት ነው። 700 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁት፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ለማታውቁት፣ ዋይልድካት ማለት ሰው ነባሩን ቀለህ አንገቱን አጥብቦ ወይ አስፍቶ ወይ ትከሻውን ቀይሮ የሚያወጣው፣ ፋብሪካ የማይሰራው ጥይት ነው። ነገሩ በራሱ መጥፎ አይደለም፣ 25-06 ስንት ዘመን ዋይልድካት ሆኖ ቆይቶ ነው በ1969 ሬሚንግተን ፋብሪካ ያስገባው፣ 22-250ም በ1965 እንደዚያው። የኔን ጠመንጃ ዋይልድካት ያወጣው አክሊም ቀልደኛ አልነበረም፣ እዚሁ ኮሎራዶ ትሪኒዳድ ኮሌጅ ጠመንጃ ስራ ያስተማረ ሰው ነው። ያደረገው የቀለሁን ጎን ቀጥ አድርጎ የ30-06ን 17.5 ዲግሪ ትከሻ 40 ማድረግ ነው፣ ባሩድ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ይሰፋል።

ትንሽ ነው ግን። የሚያውቁት ሰዎች እንደሚሉት ግፊቱ እኩል ከሆነ ቦታው 4 ፐርሰንት ሲጨምር ፍጥነቱ የሚጨምረው 1 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ በሴኮንድ 2800 ጫማ የሚሄደው 28 ጫማ ጨመረ ማለት ነው፣ ኤልኩ ይሄን የት ያውቀዋል? እንደ 250 ሳቬጅ ጎኑ ሾጠጥ ያለ የድሮ ቀለህ ቢሆን የተሻለ ይጠቀማል። ደግሞ የሱቁ ጥይት መጀመሪያ ሲተኮስ ቀለሁ ተነፍቶ የቻምበሩን (በርሜሉ ኋላ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ክፍል) ቅርጽ ይይዛል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም፣ እንደውም ይቀንሳል። ጥቅሙ የሚመጣው ያንን ቀለህ ራስህ መልሰህ ስትሞላው ነው፣ ለዚያ ደግሞ ለብቻው ዳይ (ቀለሁን ቅርጽ የሚያስይዝ መሣሪያ) ትገዛለህ። ይሄን ማን ነገረኝ!

ዋናው ጉድ ሌላ ነው። ሶስተኛው ጥይት ላይ የወጣውን ቀለህ ሳየው ከቂጡ ከፍ ብሎ ቀለበት የመሰለ የሚያብረቀርቅ መስመር አለው፣ አብሮኝ የነበረው ጋሼ «በቃ አቁም፣ ሊበጠስ ነው» ብሎ ጠመንጃውን ከእጄ ወሰደው። ጋንስሚዝ (ጠመንጃ ሰሪ) ጋ ስወስደው እንዲህ አለ፦ አሮጌ 30-06 በርሜል ወደ አክሊ ሲቀየር በርሜሉ ተፈቶ ከኋላው ትንሽ ተቆርጦ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፣ ቻምበሩ ከተራው በ4 ሺኛ ኢንች ያህል አጥሮ የሱቁን ጥይት ጥብቅ አድርጎ እንዲይዝ። የኔን የሰራው ሰው ግን በርሜሉን ሳይፈታ ሪመሩን (ቻምበሩን የሚቦረቡረውን መቁረጫ) ዝም ብሎ ሰዶበታል። ስለዚህ ጥይቱ ውስጥ ይላወሳል፣ ሲተኮስ ቀለሁ ይለጠጥና ይሳሳል፣ አንድ ቀን ከተበጠሰ ጋዙ ወደ ፊትህ ነው የሚመጣው። ማስተካከያው ከጠመንጃው ዋጋ ብዙም አያንስም፣ ሰውየው ደግሞ ስልክ አያነሳም።

የግድ ከፈለጋችሁ ፋብሪካ የገባውን 280 አክሊ ግዙ፣ ጥይቱም ሱቅ አለ። ሰው እጅ የሰራው ከሆነ ግን ገንዘብ ሳትሰጡ ጋንስሚዝ ሄድስፔሱን (ጥይቱ ቻምበሩ ውስጥ ያለውን ክፍተት) በጌጅ (በመለኪያ) ይለካው፣ ማን እንደቆረጠውም ጠይቁ፣ «ከዚህ ጠመንጃ የተተኮሰ ቀለህ አሳየኝ» በሉት። የኔው ሰውዬ አንድም አልነበረውም፣ ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ።